የክንፍ ምርኩዝ

ዘሃራ ከድሬዳዋ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ቀጥላ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ወደቡ ሥራ፣ ስለ ድሮው ጎረቤታችን ስለ ዳቦ ቤቱ ባለቤት ጠየቀች። በኮንቴይነሮች መሃል ቆሜ፣ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ እመልስላታለሁ። የምትጠይቀው ሲያልቅባት፣

«ጋሼህ ትናንት ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ ቀረ» አለችኝ።

«አሞት ነበር?»

«ምንም አላመመው። ሐብሐብ በላ፣ የቆረጥሽበት ቢላዋ ደንዟል ብሎ ሳቀብኝ፣ ጋደም አለ። በቃ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሐዘኑ ቶሎ አልመጣልኝም። ቀድሞ የመጣው የጋሽ ኢድሪስ ሳቅ ነው። ካርቲየ 1 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር የእኔ ክፍልና የእሱና የሚስቱ የዘሃራ ቤት በአንድ ግድግዳ ነበር የሚለያዩት። ሳስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ!» ይለኝና በራሱ ነገር ይስቃል። ጅቡቲ የገባሁት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀምሮ የአገራችን ዕቃ ሁሉ ፊቱን ወደዚህ ወደብ ባዞረበት ዘመን ነው። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ከመርከብ ሲወርድ ከጉምሩክ አስለቅቄ ወደ ባለቤቱ እልካለሁ። በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሽ ኢድሪስ፣ እርስዎ» ብዬ ሳናግረው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ።

«ማንን ነው?» አለኝ።

«እርስዎን።»

«አቦ ተወኝ! እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። አንተ በለኝ።»

አጠር ያለ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ ሸሚዙ ምንጊዜም የተተኮሰ ሰው ነበር። በወጣትነቱ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ በጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ያበር ነበር። ጅቡቲ ከመጣ በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት አውሮፕላኖችን ክብደት የሚያሰላ ሠራተኛ ሆነ። አንድ ልማድ ነበረው፤ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት መኪናዋን ዙሪያዋን ይዞራል። ጎማዋን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያያል። ቡላኦስ ገበያ ፊት ለፊት፣ በዚያ ሙቀት፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ እሱ ሲዞር እኔ በእፍረት አልቅ ነበር። ሾፌሮቹ ግን ለመዱት። «ካፒቴን፣ ትነሳለች?» ብለው በሶማሊኛ ይቀልዱበታል። እሱም በሶማሊኛ «ለዛሬ ትነሳለች» ብሎ ይገባል።

አንድ ቀን፣ እንዲህ የሚያደርገው በወጣትነቱ አንድ ክፉ ነገር አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አውሮፕላን ሲወድቅ ያየ መስሎኝ ነበር።

«የለም፣ አላየሁም» አለኝ። «ማየትም አልፈልግም። ለዚህ ነው የምዞረው።»

ጋሽ ኢድሪስ ጅቡቲ ውስጥም አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው፤ ከሁመድ ጋር በሽርክና ነበር የገዟት። ሁመድ ቡላኦስ ውስጥ ፋርማሲ ያለው የአፋር ሰው ነው፤ በልጅነቱ ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛውን እንደ እኛው ያቀላጥፈዋል። ከጋሽ ኢድሪስ በዕድሜ ብዙ ያንሳል፤ ግን እንደ እኩያሞች ነበሩ። የአውሮፕላኗ የቀድሞ ባለቤት ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሁለቱ ተቀበሉት። ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ አንድ ሰው ፊት አንድ ሰው ኋላ የምታስቀምጥ፣ ገላዋ በሸራ የተለበጠ፣ ክንፏ ከላይ የሆነ ነገር ናት። የማረፊያው ሠራተኞች «ቢንቢ» ይሏታል። አብራሪው ጋሽ ኢድሪስ ብቻ ነው፤ ሁመድ ከኋላ ተቀምጦ መደሰት ነው ሥራው። ዓርብ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ እኔም አብሬያቸው እሄድና ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስትነሳና ስታርፍ አያለሁ። ከፍታ ስለማልወድ አንድም ቀን አልተሳፈርኩም።

የዚህች አውሮፕላን ክንፍ ብቻውን አይቆምም። ከሆዷ ተነስተው ወደ ክንፉ መሃል የሚሄዱ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት የብረት ቱቦዎች ይይዙታል። መካኒኮቹ ስትራት ይሉታል፤ ጋሽ ኢድሪስ ግን ምርኩዝ ነበር የሚለው። «መሬት ላይ ምርኩዝ ነው፤ ክንፉን ይሸከማል። ሰማይ ላይ ደግሞ ገመድ ነው፤ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይይዛል» ብሎ አስረድቶኛል። ቱቦው ውስጡ ክፍት ነው። እርጥበት ገብቶ ከታችኛው ጫፍ ከተጠራቀመ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ግን ቀለሙ እንደተቀባ፣ እንዳማረበት ይቆያል። በዚህ ከተማ ደግሞ አየሩ ራሱ ጨው ነው። የበር ማጠፊያ እንኳ ዓመት አይቆይም።

አንድ ዓርብ ጠዋት አውሮፕላኗን ሲያጥብ በግራው ምርኩዝ ታችኛ ጫፍ፣ ብሎኑ ከሚገባበት አጠገብ፣ ቡናማ እድፍ አየ። በጨርቅ ጠረገው። ጣቱን አሳረፈበት። በቁልፍ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ዛሬ አንበርም። ሙሴ ዣክ እስኪመለስ አንነካትም» አለ። ሙሴ ዣክ በከተማው ያሉትን ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠግን ፈረንሳዊ ነው፤ ያን ጊዜ ለበጋ ዕረፍት ወደ አገሩ ሄዷል።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ጋሽ ኢድሪስ አውሮፕላኗን በጨርቅ ሲሸፍን ሁመድ መኪናውን ሐንጋሩ በር ላይ ገትሮ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«እናቴ!» አለ። «ኦቦክ ናት። ከትናንት ጀምሮ ጎኗን ይዛ ትጮሃለች። ሐሞቷ ነው፣ ባስቸኳይ ከተማ ውሰዷት ብለዋል ሐኪሞቹ። የማመላለሻው ጀልባ ተበላሽቶ ቆሟል። ጨርቁን አንሳ፣ እንሂድ!»

ኦቦክ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናት። በአየር ቅርብ ናት፤ በመኪና ግን ውሃውን ዙሮ፣ በታጁራ በኩል፣ በድንጋይ መንገድ መሄድ ነው። ጋሽ ኢድሪስ ጨርቁን አነሳው። እንደሚበር ገምቼ በሩን ልከፍት ተነሳሁ። እሱ ግን ምርኩዙ ጋ ሄዶ፣ እጁን እላዩ ላይ አድርጎ ቆመ። ፊቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ።

«አልበርም ሁመድ» አለ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት በረህ የለ!»

«ያኔ እድፉን አላየሁትም።»

«በሽተኛ እናት አለችኝ፣ አንተ ስለ እድፍ ታወራለህ?»

«ውስጡ በልቶት ይሁን አይሁን አላውቅም። እናትህን በማላውቀው ነገር ላይ አልጭንም።»

«የራስህ እናት ብትሆንስ?»

«የራሴ እናት ብትሆን እየሮጥኩ መኪና እፈልግ ነበር። ና አብረን እንፈልግ።»

ሁመድ ለረጅም ጊዜ አየው። «ፈሪ ነህ» አለው። ጮክ ብሎ እንኳ አላለውም።

ጋሽ ኢድሪስ በእርግጥም ሮጠ። ቡላኦስ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ የሐረር ሰው ላንድክሩዘር እንዳለው ያውቅ ነበር፤ ሰውየውን ከጸሎት ሲወጣ መስጊድ በር ላይ ይዞ ለመነው። መኪናው ከነሾፌሩ መጣ፣ ከኋላው ፍራሽ ተነጠፈ፣ ውሃና በረዶ ተጫነ። ጋሽ ኢድሪስ አብሮ ሊሄድ እግሩን ሲያነሳ ሁመድ በሩን ዘጋበት።

እናትየው በማግስቱ ጠዋት ገቡ። መንገዱ እንዳንገላታቸው ፊታቸው ይናገራል። ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፣ ዳኑም። ጋሽ ኢድሪስ በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ መተላለፊያው ላይ ይቀመጣል፤ ሁመድ በፊቱ ያልፋል። «እንዴት አደረች?» ይላል ጋሽ ኢድሪስ። መልስ የለም። ነርሷን ጠይቆ፣ አመስግኖ ይወጣል።

ዝምታው እናትየው ከዳኑም በኋላ ቀጠለ። በጣም የገረመኝ፣ ጋሽ ኢድሪስ የደም ግፊት መድኃኒቱን ከዚያው ከሁመድ ፋርማሲ መግዛቱን አለመተዉ ነው። ይገባል፣ «ሰላም ሁመድ» ይላል፤ ሁመድ መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ «ደህና ዋል» ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን በንዴት፣

«ሌላ ፋርማሲ ጠፍቶ ነው?» አልኩት።

«ሌላ ፋርማሲ ከሄድኩማ ተጣላን ማለት ነው» አለኝ። «አሁን እኮ የተጣላው እሱ ብቻ ነው።»

ወሬው ማረፊያው ሁሉ ደርሶ ነበር። «ካፒቴን ፈሪ» የሚል ስም ወጣለት። እሱም ይስቅና «ወላሂ ፈሪ ነኝ! እስከ ዛሬ አታውቁም ነበር?» ይላል። አንድ ቀን ግን ቤቱ ቁጭ ብለን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሁመድ ‹ትጮሃለች› ያለኝ ነገር ከጆሮዬ አይወጣም» አለኝ። ዘሃራ ይህን ሰምታ ከማጀት መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

ሙሴ ዣክ ሲመለስ ምርኩዙን አየው፣ መታ መታ አደረገው፣ ትከሻውን ነቀነቀ። ውስጡን ለማወቅ እሱ የሌለው መሣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ ይልቅ፣ አለ፣ አሁን የሚሠሩት ምርኩዞች ጫፋቸው የታሸገ ነው፤ እርጥበት አይገባቸውም። አራቱንም መለወጥ ይሻላል። ሁመድ በሰው በኩል «የፈለገውን ያድርግ» ብሎ ላከ። ታዘዘ። ዕቃው ሲመጣ የማስለቅቀው እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሳጥን ረጅም ነበር፤ ጉምሩክ ላይ ሲከፈት ሹሙ አንዱን ቱቦ አንስቶ እንደ ዋሽንት አየው። «የውሃ ቧንቧ ነው?» አለኝ። «የአውሮፕላን ክንፍ የሚይዝ ነው» አልኩት። «ይህ ብቻ ነው የሚይዘው?» አለና ቀስ አድርጎ መለሰው፤ «እኔ በመርከብ ነው የምሄደው።»

ሐንጋሩ ውስጥ የድሮው ወጥቶ አዲሱ ሲሞከር አልገጠመም። የላከው ፋብሪካ ለዚችው አውሮፕላን ታናሽ እህት፣ ለሌላዋ ሞዴል፣ የሚሆነውን ነበር የላከው። የላይኛው ጫፍ ልክ ገባ፤ የታችኛው ቀዳዳ ግን ከአውሮፕላኗ ቀዳዳ በጥፍር ያህል አለፈ። ከማረፊያው ሠራተኞች አንዱ «በትራፓን ትንሽ ብናሰፋውስ?» አለ። ሙሴ ዣክ አፉን ሳይከፍት ጋሽ ኢድሪስ ቀደመው። «ቀዳዳው ከሰፋማ ብሎኑ ይጨፍርበታል። እኛ እንጨፍር እንጂ እሱ አይጨፍርም» አለ። ሳጥኑ ታሽጎ ተመለሰ። እንደገና መጠበቅ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ክንፉ ያለ ምርኩዝ እንዳይወድቅ በእንጨት ተደግፎ ነበር፤ ሸራው እንዳይቀደድ ደግሞ በእንጨቱና በክንፉ መሃል የጋሽ ኢድሪስ የቤቱ ፍራሽ ተነጥፏል። ዘሃራ ለጎረቤት ሁሉ «ባሌ ሁለተኛ አግብቷል፣ ፍራሼን ወስዶ ለእሷ አነጠፈላት! እኛ ምንጣፍ ላይ ነን!» እያለች ታወራ ነበር። ሴቶቹ እስኪገባቸው ድረስ ያዝኑላታል፤ ሲገባቸው ወገባቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ሁለተኛው ሳጥን ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ሙሴ ዣክ ምርኩዙን ያዘ፣ ጋሽ ኢድሪስ ብሎኑን በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ያለ መዶሻ፣ ያለ ግፊት፣ እስከ አንገቱ ገባ። ጋሽ ኢድሪስ መልሶ አወጣውና እንደገና አስገባው። ደስ ስላለው ብቻ ነው። ከዚያ ዳዶው ጠበቀ፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል ከፍ እስኪሉ የምርኩዞቹ ጫፍ በክር እየተለካ ተስተካከለ፣ ፍራሹም ወደ ዘሃራ ተመለሰ።

የቀረው የድሮዎቹ ነገር ነው። ማንም ተሳስቶ መልሶ እንዳይገጥማቸው ተቆርጠው መጣል አለባቸው። ሙሴ ዣክ ሴጌቶውን ሲያነሳ ጋሽ ኢድሪስ እጁን ያዘው።

«ቆይ» አለውና ወደ እኔ ዞረ። «ሂድና ሁመድን ጥራልኝ። ግራውን ምርኩዝ ልንቆርጠው ነው፣ ውስጡን መጥተህ እይ በለው።»

«ጋሼ፣ ደህና ሆኖ ቢገኝስ?» አልኩት።

«እሱም አብሮን ይየው።»

ሁመድ ይመጣል ብዬ አልገመትኩም። ነጩን ጋዋኑን እንደለበሰ መጣ። ሰላም አላለም፤ ክንዱን አጣምሮ ቆመ። ሙሴ ዣክ እድፉ ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ቆረጠ። ቁራጩ ሲወድቅ ሁላችንም ጎንበስ አልን።

ውስጡ ንጹህ ነበር። ድሮ ሲሠራ ያፈሰሱበት ዘይት እንኳ እስከ ዛሬ ያብለጨልጫል። እድፉ ከብሎኑ ቀለበት የወረደ ዝገት ነበር እንጂ ከውስጥ የመጣ አልነበረም። ሙሴ ዣክ ሌሎቹንም ሦስቱን ቆረጠ። ሁሉም ደህና ናቸው።

እኔ ጋሽ ኢድሪስን ማየት አቃተኝ። እሱ ግን ቁራጩን አንስቶ በአንድ ዓይኑ እያየበት ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። «አልሐምዱሊላህ!» አለ። «እንደ ልጅ ጥርስ!»

«መብረር ይቻል ነበር ማለት ነው» አለ ሁመድ። ድምፁን ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

«ይቻል ነበር።»

«በዚያ ድንጋይ ላይ ሳትንገላታ በዚያኑ ቀን ታመጣት ነበር።»

«አመጣት ነበር።»

«እና?»

ጋሽ ኢድሪስ ቱቦውን ከዓይኑ አወረደ። «ያን ቀን አላውቅም ነበር ሁመድ። ያወቅሁት አሁን ነው። ለመንገላታቷ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሷንም ሄጄ እጠይቃለሁ። ስላልበረርኩ ግን አልጠይቅህም። እንዲያ ያለ ቀን ነገም ቢመጣ አልበርም።»

ሁመድ ቁራጩን ከእጁ ተቀብሎ ሄደ።

ጋሽ ኢድሪስ ቃሉን አከበረ። በማግስቱ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ሄሮን ሰፈር ወደሚገኘው የሁመድ ቤት ሄደ። እማማ ፋጡማ ከሕመማቸው በኋላ ወደ ኦቦክ አልተመለሱም፤ ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ቀጭን፣ ዓይናቸው የነቃ ሴት ናቸው። የተቆረጠው ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ፊታቸው ዝቅ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠና፣

«እናቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። በዚያች ቀን በአውሮፕላን ላመጣሽ ስችል አላመጣሁሽም» አለ።

ሁመድ በአፋርኛ ተረጎመ። ሴትየዋ ልጃቸውን አዩት፣ ጋሽ ኢድሪስን አዩት፣ እንደገና ልጃቸውን አዩትና በቁጣ ተናገሩ። ሁመድ ፊቱ ቀላ። አንድ ነገር ጠየቀ። እሳቸው ይበልጥ ጮኹ።

«ምን አሉ?» አለ ጋሽ ኢድሪስ፣ ደንግጦ።

ሁመድ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቱቦ እያየ፣ «‹በየቱ አውሮፕላን?› ትላለች። ‹ኦቦክ ላይ እየተንቀጠቀጠች ስታርፍ ፍየሎቼን በበረሃ የበተነችብኝ እሷ ናት? በዚያች ላይ? ሞቼም ሬሳዬ አይወጣባት! ማን ጠየቀኝ?› ነው የምትለው።»

«አትወጣም ነበር?»

«አትወጣም ነበር።» ሁመድ ግንባሩን ያዘ። «አልጠየቅኋትም። እኔ እኮ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።»

የጋሽ ኢድሪስ ያ ሳቁ ከሆዱ ተነሳ። ሁመድ ሊያመልጠው ሞከረ፣ አልቻለም። ሁለቱ እንደዚያ ሲስቁ ሴትየዋ ምን እንደሚያስቃቸው ስላልገባቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ እሳቸውም አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያን ቀን ምሳ እዚያው በላን። ሁመድ ዓሣውን እየፈለቀቀ ለጋሽ ኢድሪስ ያጎርሰው ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም።

አዲሶቹ ምርኩዞች ሙሴ ዣክ ፈርሞላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩ ዕለት ጋሽ ኢድሪስ መጀመሪያ ብቻውን ዞሮ መጣ። ቀጥሎ ሁመድ ከኋላ ተቀመጠ። እማማ ፋጡማ «ልጄ መመለሱን ካላየሁ» ብለው መጥተው ነበር፤ ከአጥሩ አጠገብ መኪና ውስጥ ሆነው አውሮፕላኗ ስትነሳ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፣ ወደ ባሕሩ ዞራ እስክትመለስም አልገለጡትም። «አረፉ» ብዬ በእጄ ሳሳያቸው ነው የገለጡት። ከመኪናው አውርዱኝ አሉ። ሞተሩ ጸጥ ሲል በዝግታ ሄደው ምርኩዙን በመዳፋቸው ያዙትና ነቅነቅ አደረጉት። አልተነቃነቀም። ከዚያ ወደ ጋሽ ኢድሪስ ዞረው፣ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ።

«መውጣቱንማ ሰው ሁሉ ይመርቅሃል» ብሎ ተረጎመ ሁመድ። «እኔ ሌላውን ልመርቅህ። በወጣህ ቁጥር አላህ ያውርድህ ትላለች።»

ለሹም ቢሆን እርግማን ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ ሐንጋሩ እስኪያስተጋባ «አሚን!» አለ።

ከዚያ በኋላ፣ ዓይኑ ደክሞ ራሱ በቃኝ ብሎ ከዘሃራ ጋር ድሬዳዋ እስኪገባ ድረስ፣ ለብዙ ዓመታት በረረ። በወጣ ቁጥር ወረደ።